የቀድሞውና አዲሱ ጥቁርና ነጭ ፊልም፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ ጥቁርና ነጭ ፊልም ዓይነቶች የሚጠይቁ በመሆናቸው የዚህን እትም አምድ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተናል። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አጠቃለናል፤ ረጃጅሞቹንም አሳጥረናል። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ከአባቴ የወረስኩትን የ35 ሚሊ ሜትር ካሜራ አስጠግኜ በጥቁርና ነጭ ፊልም ማንሣት ጀምሬአለሁ። ፊልም ከውጭ የሚያመጣልኝ ወዳጄ «ትራይ-ኤክስ የድሮ ፊልም ነው፤ ቲ-ማክስ የሚባለው ዘመናዊ ስለሆነ እሱን ያዝ» ይለኛል። ሁለቱም 400 የሚል ተጽፎባቸዋል፣ ፋብሪካቸውም አንድ ነው። ልዩነታቸው ምንድን ነው? የሚሻለውስ የትኛው ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ልዩነቱ ያለው በፊልሙ ላይ በተለበጠው ስስ ሽፋን ውስጥ ነው። ማንኛውም ጥቁርና ነጭ ፊልም ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ላይ የተለበጠ የጌላቲን ሽፋን ሲሆን፣ በጌላቲኑ ውስጥ ብርሃን ሲነካቸው የሚለወጡ እጅግ ደቃቅ የብር ጨው ቅንጣቶች ተበትነው ይገኛሉ። እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ ሊች ማዶክስ በ1871 የጌላቲኑን ዘዴ ይፋ ካደረገ ወዲህ ይህ መሠረታዊ አሠራር አልተለወጠም። የብር ጨው በተፈጥሮው ከሰማያዊ ብርሃን ውጭ ብዙም አያይም፤ ጀርመናዊው ኸርማን ፎገል ግን በ1873 ቅንጣቶቹን በልዩ ማቅለሚያ በመንከር አረንጓዴውንና ሌላውንም ብርሃን እንዲያዩ ማድረግ እንደሚቻል ደረሰበት። ዛሬ የምንገዛው ፊልም ሁሉ፣ የድሮ የሚባለውም ዘመናዊ የሚባለውም፣ በእነዚህ በሁለቱ ግኝቶች ላይ የቆመ ነው።

ሁለቱን የሚለያቸው የቅንጣቶቹ ቅርጽ ነው። እንደ ኮዳክ ትራይ-ኤክስ፣ ኢልፎርድ ኤችፒ5 ፕላስና ኤፍፒ4 ፕላስ ባሉት ፊልሞች ውስጥ ቅንጣቶቹ ጠጠር መሳይ ናቸው፤ በሦስቱም አቅጣጫ ውፍረት አላቸው፤ መጠናቸውም የተደበላለቀ ነው። ትልልቆቹ በጥቂት ብርሃን ሥራቸውን ሲጀምሩ ትንንሾቹ ብዙ ብርሃን እስኪደርሳቸው ይቆያሉ። እንደ ቲ-ማክስና ዴልታ ባሉት ውስጥ ግን ቅንጣቶቹ ስስና ጠፍጣፋ ሆነው እንዲያድጉ ተደርገዋል፤ ሲለበጡም ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ አድርገው ይተኛሉ። ድቡልቡል ሊጥ ሲዳመጥ ክብደቱ ሳይጨምር ሰፊ ምጣድ እንደሚሸፍን ሁሉ፣ ያው መጠን ያለው ብርም ተደፍጥጦ ሲተኛ ብርሃን የሚቀበልበት ገጽ በብዙ እጥፍ ይሰፋል። ገጹ ሲሰፋ የሚሸከመው የፎገል ማቅለሚያም ይበዛል። ስለዚህ ፋብሪካው የፊልሙን ፍጥነት (400 የመሰለው ቁጥር የሚያመለክተውን ለብርሃን ያለውን ንቃት) ሳይቀንስ ቅንጣቶቹን ማሳነስ ይችላል ማለት ነው።

ውጤቱን ኮዳክ ራሱ ባወጣው የቅንጣት መለኪያ ማየት ይቻላል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ምስሉ ይለሰልሳል። ትራይ-ኤክስ 400 የተሰጠው ቁጥር 17 ሲሆን፣ በፍጥነት እኩያው የሆነው የአሁኑ ቲ-ማክስ 400 ደግሞ 10፣ ቲ-ማክስ 100 ደግሞ 8 ነው። ከ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ትልቅ ምስል ሲታተም ይህ በዓይን ይለያል፤ ባዶ ሰማይ ወይም የተለሰነ ግድግዳ በትራይ-ኤክስ ሲነሣ ደቃቅ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ በቲ-ማክስ 100 ግን ልሙጥ ሆኖ ይወጣል።

ወዳጅዎ «የድሮ» ማለታቸው ግን ማስተካከያ ይፈልጋል። ትራይ-ኤክስ በእርግጥ ዕድሜ አለው፤ በ1940 በሉሕ ፊልምነት ጀምሮ በ1954 በጥቅል ወጣ። በዚያን ጊዜ የተጻፈበት ፍጥነት 200 ሲሆን 400 የሆነው በ1960 የመለኪያው ደንብ ሲሻሻል ነው። ይሁን እንጂ ፋብሪካው በየጊዜው አሻሽሎታልና ዛሬ የሚገዙት ትራይ-ኤክስ የ1954ቱ አይደለም። ቲ-ማክስ የወጣው በ1986 ነው፤ ኤችፒ5 ፕላስ ደግሞ በ1989። እንግዲህ የድሮ ከሚባሉት አንዱ የሆነው ኤችፒ5 ፕላስ ዘመናዊ ከሚባለው ከቲ-ማክስ በኋላ የተወለደ ነው ማለት ነው። ኢልፎርድም በ1990 ዴልታ 400ን፣ በ1992 ዴልታ 100ን ሲያወጣ የቀድሞዎቹን ከገበያ አላነሣም፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን እስከ ዛሬ ያመርታል። አዲሱ አሠራር በሁሉም ነገር የሚበልጥ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ድካም ባላስፈለገ ነበር።

የማይበልጥበት ቦታ የቱ ነው? ታጋሽነት ላይ ነው። የቀድሞው ፊልም ቅንጣቶቹ በመጠን የተደበላለቁ በመሆናቸው ፎቶ አንሺው በብርሃን ልኬት ትንሽ ቢስት፣ ፊልሙን ሲያጥብም ግማሽ ደቂቃ ቢያሳልፍ ወይም አንድ ዲግሪ ቢሳሳት ኔጌቲቩ ብዙ አይናወጥም። አዲሱ ግን ለእያንዳንዷ የሙቀትና የጊዜ ለውጥ ፈጥኖ ምላሽ ይሰጣል። በዚህ ባሕርይው ጥንቁቅ እጅ የፈለገውን ንፅፅር በትክክል ያገኝበታል፤ ያው ባሕርይ ሥራውን ገና ለሚለማመድ ሰው እያንዳንዱ ጥቅል የተለየ ሆኖ እንዲወጣበት ያደርጋል። እኔ እንደማየው ዘመናዊው ፊልም በቅንጣት ያስገኘውን ጥቅም በጥንቃቄ ያስከፍላል፤ ዋጋውንም የሚከፍለው ፊልሙን የሚያጥበው ሰው ነው። እርስዎ ገና በመጀመር ላይ ስለሆኑ ትራይ-ኤክስን ወይም ኤችፒ5 ፕላስን ይያዙ፤ በአንድ ዓይነት ዴቨሎፐር (በፊልሙ ላይ የተደበቀውን ምስል በሚያወጣው ኬሚካል) ብቻ፣ ለምሳሌ በዲ-76 ወይም አቻው በሆነው በአይዲ-11፣ ውጤትዎ ከጥቅል ወደ ጥቅል መዋዠቁን እስኪያቆም ይሥሩ። ሕንፃ፣ የጥንት ጽሑፍ ወይም ሥዕል ማንሣት ሲያምርዎ ቲ-ማክስ 100 ወይም ዴልታ 100 ያን ጊዜ ይደረስበታል።

ጥያቄ፦ ለጥምቀት ያነሣኋቸው ሥዕሎች በሙሉ ነጠላው አምሮ ፊቱ የጠቆረ ሆነው ወጡ። አንዳንዶቹ የሰው ፊት ጭራሽ አይለይም። የተጠቀምኩት ቲ-ማክስ 400 ነው። ጥፋቱ የፊልሙ ነው? ወደ ቀድሞው ዓይነት ልመለስ? (ከጎንደር)

መልስ፦ የጻፉልን ችግር በአገራችን ጥቁርና ነጭ ለሚያነሣ ሰው ሁሉ የሚያጋጥም ስለሆነ በዝርዝር እንመልስ። በመጀመሪያ ፊልሙን ነፃ እናውጣው። የካሜራው የብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ይቆጥራል። በፋሲል ጥምቀተ ባሕር ዙሪያ ነጭ የለበሰ ሕዝብ ሜዳውን ሞልቶ ሲቆም መለኪያው ያን ሁሉ ንጣት «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ስለዚህ ብርሃኑን እንዲቀንሱ ይነግርዎታል። ነጠላው ወደ ግራጫ ሲወርድ ከእርሱ ይልቅ ብዙ ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ወይም ግማሽ ማድረግ ነው) ዝቅ ብሎ የሚገኘው ጠይም ፊት አብሮ ወርዶ ፊልሙ ሊመዘግበው ከሚችለው በታች ይሆናል። ፊልሙ ላይ ያልተመዘገበ ፊት ደግሞ በጨለማ ክፍልም ሆነ በስካነር አይመለስም።

መፍትሔው ልኬቱን ከሕዝቡ ላይ አለመውሰድ ነው። የእጅዎን መዳፍ የሚያነሡት ሰው በቆመበት ብርሃን ውስጥ ዘርግተው መለኪያውን በመዳፍዎ ላይ ያሳርፉ፤ ከዚያም የተነገረዎትን አንድ ስቶፕ ከፍተው ያንሡ። የሰው መዳፍ የቆዳው ቀለም ምንም ይሁን ምን ከመካከለኛው ግራጫ በአንድ ስቶፕ ገደማ ስለሚነጣ ይህ ዘዴ ለጠይሙም ለቀይ ዳማውም ይሠራል። ካህናቱ በድባብ ጥላ ሥር ከሆኑ መዳፍዎንም በጥላ ውስጥ ያድርጉት፤ ፀሐይ ላይ ሆነው በመዳፍ ለክተው ድባብ ሥር ያለ ፊት ቢያነሡ ያው ችግር ይመለሳል።

ፊልሙ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። ፊቱን በሚገባ ለማብራት ስንከፍት ነጠላው ብዙ ብርሃን ይቀበላልና የጥለቱና የሽመናው ዝርዝር እንዳይጠፋ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በብዙዎቹ የቀድሞ ዓይነት ፊልሞች ላይ ብርሃን እየበዛ ሲሄድ የኔጌቲቩ መጥቆር እያዘገመ ይሄዳል፤ ስለዚህ እጅግ ነጩና ነጩ ይቀራረባሉ፤ ዝርዝሩ በተወሰነ ደረጃ ቢታመቅም ለማተም አያስቸግርም። በቲ-ማክስ ላይ ግን አወጣጡ ቀጥ ያለ ነው፤ ብርሃን በጨመረ ቁጥር ኔጌቲቩ በዚያው ልክ መጥቆሩን ይቀጥላል። በመልካም ጎኑ ካየነው የነጠላው ክር ከክር ተለይቶ ይቀመጣል። በሌላ ጎኑ ደግሞ ፊልሙ ከልኩ በላይ ከታጠበ ያ ክፍል ወረቀቱ ሊቀበለው ከሚችለው በላይ ይደነድናል፤ ያለ ተጨማሪ የጨለማ ክፍል ሥራም ነጭ ሆኖ ይቀራል።

በቲ-ማክስ መቀጠል ከፈለጉ ልኬቱን ከላይ እንደተገለጸው አድርገው የማጠቢያ ጊዜውን ከ10 እስከ 20 በመቶ ይቀንሱ፤ ቅነሳውን ግን በግምት ሳይሆን በቴርሞሜትርና በሰዓት ያድርጉት። ለእንዲህ ያለ በዓል ምርጫውን ለእኔ ከተዉልኝ ኤችፒ5 ፕላስን በካሜራው ላይ 200 ብዬ ሞልቼ፣ በዚያው መጠን ከልኩ ባነሰ ጊዜ አጥበዋለሁ። ታቦቱ ሲወጣና ሕዝቡ ሲነቃነቅ፣ አንዱ ፀሐይ ላይ ሌላው ጥላ ውስጥ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ፊት መዳፍ ዘርግቶ መለካት አይቻልም፤ ስሕተትን የሚሸከም ፊልም የሚያስፈልገው እዚያ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ኮዳክ እንደሚገልጸው ቲ-ማክስ ለሰማያዊ ብርሃን ያለው ንቃት ከቀድሞዎቹ በመጠኑ ያነሰ ነው። በመሆኑም የጥር ወር ጥርት ያለ ሰማይ ያለ ቢጫ ማጣሪያ ጥቂት ጠቆር ብሎ ይወጣል፤ ይህ ያማረ ነው። ይሁን እንጂ በደጋ አገር ከፀሐይ የተከለለ ፊት የሚበራው በአብዛኛው ከሰማዩ በሚመጣ ሰማያዊ ብርሃን ስለሆነ በቲ-ማክስ ላይ ጥላው ትንሽ ይጠቁራል። ቢጫ ማጣሪያ ሲጨመርበት ይብስበታልና በቲ-ማክስ ሰው ሲያነሡ ማጣሪያውን ያውልቁት።

ጥያቄ፦ ኤችፒ5 ሳጥብ ኔጌቲቩ ንጹሕ ግራጫ ይሆናል። በዚያው ፊክሰር ቲ-ማክስ 100 ሳጥብ ግን ሐምራዊ ቀለም ይዞ ይወጣል። ተበላሽቶ ነው? (ከነታንያ)

መልስ፦ አልተበላሸም። ሐምራዊው ቀለም ቅንጣቶቹ ብርሃን እንዲያዩ የተነከሩበት ማቅለሚያ ቅሪት ነው። ጠፍጣፋ ቅንጣቶች ሰፊ ገጽ ስላላቸው ብዙ ማቅለሚያ ይሸከማሉ ብለን ነበር፤ ያ ሁሉ በፊክሰር (ብርሃን ያልነካውን የብር ጨው አሟሙቶ በሚያወጣው ኬሚካል) እና በውኃ መውጣት አለበት። ከዚህም ሌላ እነዚህ ፊልሞች ፊክሰርን ቶሎ ያደክማሉ፤ ለኤችፒ5 ገና የሚበቃ ፊክሰር ለቲ-ማክስ ሳይበቃ ሊቀር ይችላል።

በአንድ ቀላል ሙከራ ማረጋገጥ ይችላሉ። ከፊልሙ ጫፍ ካሜራ ውስጥ ሲሞላ ብርሃን የነካውን ቁራጭ ቆርጠው፣ በብርሃን ላይ ሆነው፣ ፊክሰሩ ውስጥ ይክተቱና ሰዓት ይያዙ። ቁራጩ መጀመሪያ እንደ ወተት ያለ ነጭ ነው፤ ቀስ በቀስ ከዳር እየጠራ ሄዶ ፕላስቲኩ ብቻ ይቀራል። ለመጥራት የወሰደውን ጊዜ ለቀድሞው ዓይነት ፊልም በሁለት፣ ለቲ-ማክስና ለዴልታ በሦስት ያባዙት፤ ፊልምዎ በፊክሰር ውስጥ መቆየት ያለበት ለዚያን ያህል ጊዜ ነው። የመጥሪያው ጊዜ ፊክሰሩ አዲስ ሳለ ከነበረው እጥፍ ከሆነ ይድፉትና ሌላ ይበጥብጡ። ፈጣን ከሚባለው ፊክሰር ይልቅ የድሮውን ሃይፖ የሚጠቀሙ ከሆነ ለጠፍጣፋ ቅንጣት ፊልም ወደ ፈጣኑ ቢዞሩ ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጥቂት ሮዝ መልክ ቢቀር ለማተምም ለስካነርም ችግር የለበትም። የሚያሳስበው ሐምራዊው ሳይሆን ድፍርስነቱ ነው። ኔጌቲቩ ወተት ነክቶት ካዩ ያልታጠበ የብር ጨው ቀርቷል ማለት ነውና ወዲያውኑ በአዲስ ፊክሰር ውስጥ መልሰው ይንከሩት፤ ፊልሙ ደርቆ ቢሆንም ይህን ማድረግ ይቻላል።

ጥያቄ፦ በምኖርበት አገር በበጋ የቧንቧው ውኃ ራሱ ከ30 ዲግሪ በላይ ነው። የፊልሞቹ መመሪያ ሁሉ 20 ዲግሪ ይላል። በዚህ ሙቀት ቤት ውስጥ ፊልም ማጠብ ይቻላል? ለሙቀት የሚሻለው የቱ ዓይነት ነው? (ከጅዳ)

መልስ፦ ይቻላል። 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተለመደ መነሻ ነው እንጂ ግዴታ አይደለም፤ ኮዳክ ለቲ-ማክስ ዴቨሎፐር የሚመክረው እንዲያውም 24 ዲግሪ ነው። ዋናው ጉዳይ ሙቀቱን ማወቅና እስከ መጨረሻው በዚያው ማቆየት ነው። የዴቨሎፐሩ፣ የፊክሰሩና የመጨረሻው ማለቅለቂያ ውኃ ሙቀት መቀራረብ አለበት፤ ከ20 ዲግሪ ዴቨሎፐር ወጥቶ 33 ዲግሪ ቧንቧ ሥር የገባ ፊልም ጌላቲኑ ሊሸበሸብ ይችላል።

ሙቀት ሲጨምር የማጠቢያ ጊዜ ያጥራል። ጊዜው ከ5 ደቂቃ በታች ከወረደ ዴቨሎፐሩ ፊልሙን በእኩል ሳያዳርስ ይቀራል፤ ሰማዩ ላይ ደብዛዛ መስመሮች የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ዴቨሎፐሩን በእኩል ውኃ አቅጥኖ ጊዜውን ማስረዘም ይበጃል። ትራይ-ኤክስ 400 ባልቀጠነ ዲ-76 በ20 ዲግሪ 6 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ሲወስድ በአንድ ለአንድ የቀጠነው 9 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ይወስዳል። ኤችፒ5 ፕላስም ባልቀጠነ አይዲ-11 ከ7 ደቂቃ ተኩል፣ ሲቀጥን ወደ 13 ደቂቃ ያድጋል። ከዚያ ወደ 24 ዲግሪ ሲወጡ ጊዜው ቢቀነስም ከአደጋው መስመር በላይ ይቆያል። የቀጠነ ዴቨሎፐር አንድ ጊዜ ብቻ ጥቅም ላይ ውሎ ይደፋል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል፦ ከማቀዝቀዣ የወጣ ውኃ ከቧንቧው ጋር ደባልቀው ሰፊ ሳፋ በ24 ዲግሪ ይሙሉ። ዴቨሎፐሩንና ፊክሰሩን በየጠርሙሳቸው፣ ለማለቅለቂያ የሚሆነውንም ውኃ በጀሪካን አድርገው ሳፋው ውስጥ ያቁሙ። በረዶ በፕላስቲክ ከረጢት አስረው አጠገብ ያስቀምጡ፤ የሳፋው ውኃ ሲሞቅ ከረጢቱን ይከቱታል፣ ሲቀዘቅዝ ያወጡታል። ፊልሙ ያለበትን ታንክ ከማገላበጥ ውጭ ባለው ጊዜ ሁሉ ሳፋው ውስጥ ይተዉት፤ የእጅ ሙቀት ብቻውን የታንኩን ሙቀት ሊቀይር ይችላል። አገላበጡም እንደ ጊዜውና እንደ ሙቀቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን፤ በየደቂቃው መጀመሪያ ለ10 ሰከንድ ከሆነ ሁልጊዜ እንዲሁ።

ለሙቀት የሚሻለውን በተመለከተ፣ በዚህ ሳፋ ሙቀቱን በአንድ ዲግሪ ልዩነት ውስጥ ማቆየት ከቻሉ ሁለቱም ዓይነት ይሠራልዎታል። ካልቻሉ ኤችፒ5 ፕላስ ወይም ትራይ-ኤክስ ይጠቀሙ። አንድ ዲግሪ ተኩል ቢያመልጥዎ በትራይ-ኤክስ ላይ የሚሆነው ልዩነት አንድ ደረጃ ጠንከር ወይም ለስለስ ያለ ወረቀት በመምረጥ ይካካሳል፤ በቲ-ማክስ ላይ ግን ነጩን ክፍል ለማዳን በየሥዕሉ መታገል ይመጣል።

ጥያቄ፦ እዚህ በአቅራቢያዬ ያለው የፎቶ ቤት የቀለም ፊልም ብቻ ነው የሚያጥበው። ኤክስፒ2 የሚባለው ጥቁርና ነጭ ፊልም በቀለም ማሽን ይታጠባል ይባላል። እውነት ነው? ይህስ ከዘመናዊዎቹ ይመደባል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ እውነት ነው፤ ምድቡም ሦስተኛ ነው። በኢልፎርድ ኤክስፒ2 ሱፐር ውስጥ ብሩ ብርሃኑን ለመያዝ ብቻ ያገለግላል። ፊልሙ የቀለም ፊልም በሚታጠብበት በሲ-41 ሲያልፍ ብሩ በነበረበት ቦታ የማቅለሚያ ደመና ይፈጠርና ብሩ ራሱ ተጠራርጎ ይወጣል። እጅዎ ላይ የሚደርሰው ኔጌቲቭ ከብር የጸዳ፣ ከማቅለሚያ ብቻ የተሠራ ነው። ኮዳክም ተመሳሳይ ፊልም ነበረው፤ በ2014 ማምረቱን አቆመ።

ይህ ፊልም ከልክ በላይ ብርሃን ሲሰጡት ቅንጣቱ እየለሰለሰ ይሄዳል፤ ከብር ፊልም ተቃራኒ መሆኑ ነው። በዚህም ምክንያት በአንዱ ጥቅል ላይ ከ50 እስከ 800 ባለው ፍጥነት እያቀያየሩ ቢያነሡም በአንድ ዓይነት አጠባ ሁሉም ይወጣል፤ እኔ ግን 200 ላይ ሞልቶ መተውን እመርጣለሁ። በስካነር ለሚሠራ ሰው ሌላም ጥቅም አለው። ብዙ ስካነሮች አቧራንና ጭረትን በኢንፍራሬድ ብርሃን ለይተው ያጠፋሉ፤ ብር ግን ኢንፍራሬዱን ስለሚያግድ በትራይ-ኤክስም በቲ-ማክስም ላይ ይህ ዘዴ አይሠራም። በኤክስፒ2 ላይ ይሠራል።

ለልጅ ልጅ የሚቀመጥ ሥዕል ከሆነ ግን ብር ይምረጡ። በአግባቡ የታጠበ የብር ኔጌቲቭ ከማቅለሚያ ኔጌቲቭ ይልቅ ዕድሜው የረዘመ ነው። የልጅዎን ክርስትና በኤክስፒ2 ማንሣት ካለብዎ ቢያንስ ሁለት ጥቅል በኤችፒ5 አንሥተው ጥቁርና ነጭ ወደሚያጥብ ቤት በፖስታ ይላኩት።

ጥያቄ፦ በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ያለ ፍላሽ፣ በሦስት እግር መቆሚያ ማንሣት እፈልጋለሁ። መለኪያዬ 10 ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይላል። ባለፈው ዓመት በትራይ-ኤክስ እንደተባልኩት 10 ሰከንድ ከፍቼ አንሥቼ ኔጌቲቩ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ምክንያቱ ምንድን ነው? (ከደሴ)

መልስ፦ መለኪያዎም እርስዎም አልተሳሳታችሁም። ብርሃን እጅግ ሲደክም ፊልም ከልኩ በታች ይሠራል። በአንድ ቅንጣት ውስጥ ሥዕሉ እንዲጸና ጥቂት የብር አቶሞች አንድ ላይ መሰብሰብ አለባቸው፤ ብርሃኑ በዝግታ ሲንጠባጠብ ግን ሁለተኛው ሳይደርስ የመጀመሪያው ተመልሶ ይሟሟል። ስለዚህ ብርሃኑን በግማሽ ቀንሶ ጊዜውን እጥፍ ማድረግ በተለመደው ፍጥነት እንደሚሠራው እዚህ አይሠራም፤ ተጨማሪ ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል።

የቀድሞውና የአዲሱ ፊልም ልዩነት ከሁሉም በላይ ጎልቶ የሚወጣው በዚህ ላይ ነው። በኮዳክ መመሪያ መሠረት መለኪያው 10 ሰከንድ ሲል ትራይ-ኤክስ 400 የሚፈልገው 50 ሰከንድ ነው፤ መለኪያው 100 ሰከንድ ሲል 1200 ሰከንድ፣ ማለትም 20 ደቂቃ ይፈልጋል። በፍጥነት እኩያው የሆነው ቲ-ማክስ 400 ግን ለ10 ሰከንዱ 15፣ ለ100 ሰከንዱ 300 ሰከንድ ይበቃዋል። የፉጂፊልም አክሮስ ደግሞ ከሁሉም የተለየ ነው፤ እስከ 120 ሰከንድ ድረስ ምንም ጭማሪ አያስፈልገውም። የቀድሞው አክሮስ በ2018 ምርቱ ተቋርጦ ነበር፤ በ2019 አክሮስ ሁለት ተብሎ ተመልሷል። ፍጥነቱ 100 በመሆኑ መለኪያዎ ለትራይ-ኤክስ 10 ሰከንድ ባለበት ቦታ ለአክሮስ 40 ሰከንድ ይላል፤ በተግባር ግን 40 ሰከንዱ ትራይ-ኤክስ ከሚፈልገው 50 ሰከንድ ያነሰ ነው። በሣጥኑ ላይ ዝቅተኛ ፍጥነት የተጻፈበት ፊልም በቤተ ክርስቲያኑ ጨለማ ውስጥ ፈጣኑን ይቀድመዋል።

ከላይ ለጀማሪ የመከርኩት የቀድሞውን ዓይነት ነው፤ ለእርስዎ ሥራ ግን ያለ ማመንታት አዲሱን እመርጣለሁ። ጉዳዩ በጊዜ ማጠር ብቻ አይወሰንም። በትራይ-ኤክስ ላይ ረጅም ጊዜ ሲከፈት ጥላው ወደ ኋላ ሲቀር በመስኮት የሚገባው ብርሃን ግን ወደ ፊት ይገፋል፤ ንፅፅሩ ይጨምራል። ስለዚህም ኮዳክ ለ10 ሰከንድ ልኬት የማጠቢያ ጊዜውን በ20 በመቶ፣ ለ100 ሰከንድ በ30 በመቶ እንዲቀነስ ያዛል። በአንዱ ጥቅል ላይ ውጭ በፀሐይ የተነሣ የቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያና ውስጥ በጨለማ የተነሣ ዓምድ አብረው ካሉ ይህን ማድረግ አይቻልም፤ አንዱን ለማዳን ሌላው ይጎዳል። በቲ-ማክስና በአክሮስ እስከ ተጠቀሱት ጊዜያት ድረስ አጠባው አይለወጥም።

በእጅዎ ትራይ-ኤክስ ብቻ ካለ የውስጡን ለብቻው በአንድ ጥቅል ያንሡ። ልኬቱን የሚወስዱት ከመስኮቱ ላይ ሳይሆን ዝርዝሩ እንዲታይ ከሚፈልጉት የጨለማ ግድግዳ ላይ ይሁን፤ ያ ግድግዳ ጠቆር ብሎ እንዲቀር ስለሚፈለግ ከተነገረዎት ሁለት ስቶፕ ይቀንሱ፤ ከዚያ በኋላ ያገኙትን ሰከንድ ነው ከላይ ወደተሰጠው ጭማሪ የሚለውጡት። ቅደም ተከተሉ ከተገላበጠ ስሌቱ ይፋለሳል። ሌንሱን በኤፍ 8 ላይ ያድርጉ፤ ሹተሩን በገመድ ይክፈቱ፤ ምእመናን በሥዕሉ ውስጥ ቢያልፉ ሳይቆሙ እስከሄዱ ድረስ ፊልሙ አይመዘግባቸውምና መክፈቻውን አይዝጉ። መቆሚያ ለማስገባት ግን አስቀድመው የቤተ ክርስቲያኑን አስተዳዳሪ ያስፈቅዱ፤ ከቅዳሴ ሰዓት ውጭም ይሁን።